ከለንደን ቶኪዮ ስንት ሰዓት ነው? ርቀቱን ለ900 ማካፈል ለምን አይሰራም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከለንደን ቶኪዮ 9,600 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ፕሌን ደሞ በሰዓት 900 ይሄዳል ይላሉ፣ ሳካፍለው 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል። ትኬቱ ላይ ግን መሄጃው 14 ሰዓት አካባቢ ነው፣ መመለሻው እንዲያውም ይበልጣል። ካርታው ላይም ፕሌኑ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የቱ ነው ልክ? በትራንዚት ብሄድስ ብዙ ይለያያል?»

እሺ ወንድሜ፣ እኔ የበረራ ዲስፓቸር ነኝ፣ ፕሌኑ ከመነሳቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሄድና ስንት ነዳጅ እንደሚጭን የማሰላው ሰውዬ ማለት ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ሒሳብህ ልክ ነው፣ ሁለቱ ቁጥሮችም ልክ ናቸው። ችግሩ ሁለቱ ስለ አንድ ነገር አያወሩም። 9,600 የሚለው መሬት ላይ የተለካ ነው፣ 900 የሚለው ግን ፕሌኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ነው፣ አየሩ ራሱ ደሞ ቆሞ አይጠብቅህም። በዛ ላይ ያን 9,600 ዛሬ አብዛኛው አየር መንገድ አይበረውም።

መጀመሪያ ርቀቱን እንጨርስ። 9,600 የሚለው ከለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት እስከ ቶኪዮው ሃኔዳ ኤርፖርት ያለው አጭሩ መንገድ ነው፣ ግሬት ሰርክል የሚባለው። ሉል ካገኘህ ክር ውሰድና አንዱን ጫፍ ለንደን ላይ አንዱን ቶኪዮ ላይ ይዘህ ወጥረው፣ ክሩ ወደ ምስራቅ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ነው የሚሸሸው። ለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ናት፣ ቶኪዮ 36 ዲግሪ እንኳን አትሞላም፣ ክሩ ግን እስከ 71 ዲግሪ ድረስ ይወጣል፤ ስካንዲኔቪያን አቋርጦ፣ በሩሲያ ሰሜን ካሉት ከኖቫያ ዜምልያ ደሴቶች ደቡብ ጫፍ አካባቢ ካራ ባሕር ጋ ደርሶ፣ ከዛ በኋላ ነው በሳይቤሪያ በኩል ወደ ጃፓን የሚወርደው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ይሄ መንገድ ጎብጦ ስለሚታይ ሰው «ምን ያዞረዋል?» ይላል። ያጎበጠው ካርታው ነው እንጂ ፕሌኑ አይደለም። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው በመርካቶር ካርታ ላይ ከለንደን ቶኪዮ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምር በካዛክስታን በኩል ታልፋለህ፣ ያ «ቀጥ ያለ» የመሰለህ መንገድ ወደ 11,300 ኪሎሜትር ነው፣ ከጎበጠው በ1,700 ይረዝማል። ይሄን 11,300 ለጊዜው ያዝልኝ።

በነገራችን ላይ አንዱ ቦታ 9,600፣ ሌላው 5,965፣ ሌላው ደሞ 5,180 ቢልህ እንዳትደናገጥ፣ ሶስቱም ያው ናቸው፤ ኪሎሜትር፣ የተለመደው ማይልና ኖቲካል ማይል። እኛ ጋ የሚሰራው በኖቲካል ነው፣ አንዱ 1.852 ኪሎሜትር ይሆናል። በአስር ምናምን ኪሎሜትር የሚለያዩት ደሞ አንዱ ከከተማ መሃል ሌላው ከኤርፖርት ስለሚለካ ነው፣ እሱን እርሳው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ አጭሩ መንገድ አብዛኛው ክፍሉ የሩሲያ ሰማይ ነው። በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የአውሮፓ አገሮችና እንግሊዝ ሰማያቸውን ለሩሲያ ፕሌኖች ዘጉ፣ ሩሲያም በአጸፋው ዘጋችባቸው፣ የጃፓኖቹ አየር መንገዶችም ለደህንነት ሲሉ በዛ በኩል ማለፉን ተዉት። ከዛ በፊት ለንደን ቶኪዮ 12 ሰዓት ገደማ ነበር፣ አሁን ሁለት ሰዓት ምናምን የጨመረው በዚህ ነው፣ ፕሌኖቹ አልዘገዩም። የቻይና አየር መንገዶች ግን እስካሁን በሩሲያ ላይ ያልፋሉ፣ ለዛ ነው ከአውሮፓ ቻይና በአንድ መስመር ላይ አንድ የአውሮፓና አንድ የቻይና አየር መንገድ በጣም የተለያየ ሰዓት የሚጽፉልህ።

ሩሲያ ሲዘጋ የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ደቡቡ ነው፦ አውሮፓን አቋርጦ በጥቁር ባሕርና በቱርክ በኩል፣ ዩክሬንን በደንብ ርቆ፣ ጆርጂያ፣ አዘርባጃን፣ ካስፒያን፣ ካዛክስታን፣ ከዛ ቻይናን አቋርጦ በኮሪያ በኩል ጃፓን። ያዝልኝ ያልኩህ የማስመሪያው መስመር ትዝ አለህ? አሁን የሚበረው ከሱ ብዙ አይርቅም፣ ካርታው ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይህ ይሄ ረጅሙ ነው። ሁለተኛው ሰሜኑ ነው፣ ይሄ ደሞ ሰውን የሚያስደነግጠው፦ ከቶኪዮ ወደ አውሮፓ ለመሄድ ወደ ምስራቅ ይነሳል፣ ፓሲፊክን ይዞ ወደ አላስካ ይወጣል፣ ከዛ በሰሜን ካናዳ፣ በግሪንላንድ፣ በአይስላንድ በኩል ለንደን። በደቡቡ ሄዶ በሰሜኑ የተመለሰ መንገደኛ ሳያውቀው ምድርን አንድ ዙር ዞሯል።

ይሄ አዲስ እንዳይመስልህ። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሶቪየት ሰማይዋን ስለማትሰጥ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሰቃየው። በፈረንጆቹ 1953 የእንግሊዙ ኮሜት ጄት ለንደን ቶኪዮን ሲጀምር በመካከለኛው ምስራቅና በደቡብ እስያ በኩል ነዳጅ እየሞላ፣ እያረፈ እየተነሳ 36 ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር፣ ያ ራሱ በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች ነው። ከዛ በ1957 የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ ከኮፐንሀገን በሰሜን ዋልታ አካባቢ አድርጎ አላስካ ውስጥ አንኮሬጅ አርፎ ቶኪዮ የሚደርስ መስመር ከፈተ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፣ አንኮሬጅ በዛ ምክንያት ለ30 ዓመት ያህል የአውሮፓና የጃፓን መንገደኛ ሌሊቱን ቡና የሚጠጣባት ኤርፖርት ሆነች። ከቶኪዮ አንኮሬጅ 5,550 ከአንኮሬጅ ለንደን ደሞ 7,200 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ደምረው፣ ከአጭሩ መንገድ በ3,000 ይበልጣል። በ1983 ደሞ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ዲሲ-10 በሚባለው ፕሌን ላይ ተጨማሪ ታንክ አስገጥሞ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ የሶቪየትን ሰማይ ሳይነካ በዋልታው በኩል ሳያርፍ መብረር ጀመረ፣ ወደ 13 ሰዓት ነበር የሚፈጀው። የሚገርመው ሩሲያ ከተከፈተ በኋላ ይሄው መስመር ወደ 9 ሰዓት ተኩል ወርዶ ነበር፣ አሁን ደሞ ተመልሶ 13 ሰዓት አካባቢ ሆኗል። 40 ዓመት ሙሉ የተሰራ የሞተር ቴክኖሎጂ አለ፣ ሰዓቱን የወሰነው ግን ማን ሰማዩን ዘጋ የሚለው ነው።

ሰሜኑ የራሱ ጣጣ አለው። ክንፉ ውስጥ ያለው ነዳጅ ለሰዓታት ከውጭው ብርድ ጋር ሲተሻሽ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ የተለመደው ጄት ኤ-1 ነዳጅ መርጋት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ውጭው ደሞ ከዜሮ በታች 60ን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ኮክፒት ውስጥ ያለችውን የነዳጅ ሙቀት ቁጥር እያዩ ነው የሚሄዱት፣ በጣም ከወረደች ወይ ዝቅ ብለው ሞቅ ያለ አየር ይፈልጋሉ ወይ ፍጥነት ይጨምራሉ፣ ፍጥነት ሲጨምር በአየሩ ግጭት ክንፉ ትንሽ ይሞቃል። ከ82 ዲግሪ ሰሜን በላይ ደሞ በምድር ወገብ ላይ የተሰቀሉት የመገናኛ ሳተላይቶች በደንብ አይታዩም፣ ድሮ በሚታወቀው ኤችኤፍ ሬዲዮ ነው የሚወራው፣ የፀሐይ ማዕበል ካለ እሱም ይበላሻል፣ ያኔ መንገዱን ወደ ደቡብ እናወርደዋለን። ባለ ሁለት ሞተር ፕሌን ስለሆነ ደሞ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በተፈቀደለት ደቂቃ ውስጥ የሚያርፍበት ኤርፖርት ከመንገዱ አካባቢ መኖር አለበት። ይሄ ሁሉ መስመሩን ይጎትተዋል፣ ኪሎሜትር ይጨምራል።

አሁን ነፋሱ ጋ እንምጣ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ሰው ግን አይጠይቅም። ፕሌኑ በሚበርበት ከፍታ፣ ከ10 እስከ 12 ኪሎሜትር ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚወርድ የነፋስ ወንዝ አለ። ጃፓን ደሞ ቀጥታ ስሩ ናት፣ በክረምት፣ በነሱ የብርድ ወቅት ማለቴ ነው፣ ከዓለም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ እዛ ነው፣ በሰዓት ከ300 ኪሎሜትር በላይ የሚነፍስበት ቀን አለ። ነገሩን መጀመሪያ ከለኩት ሰዎች አንዱ ራሱ ጃፓናዊ ነው፣ ዋሳቡሮ ኦኢሺ የሚባል ሜትሮሎጂስት፣ በ1920ዎቹ ታቴኖ ከሚባል ጣቢያ ባሉን እየለቀቀ፤ ውጤቱን ግን በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስላሳተመው ውጭ አገር የሚያነብለት ጠፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣይ ፕሌን አብራሪዎች ጃፓን ላይ ሲደርሱ በነፋሱ ግራ የተጋቡት ለዚህም ጭምር ነው።

የበረራ ፕላን የምንለው ወረቀት ላይ በየነጥቡ አጠገብ ፒ 40 ወይ ኤም 35 የምትል ነገር ትጻፋለች። ፒ ከሆነ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፣ ኤም ከሆነ ከፊት ይመታል፣ ቁጥሩ በኖት ነው፣ በሰዓት ስንት ኖቲካል ማይል ማለት ነው። ከላይ ደሞ ሁለት ርቀት ነው የሚጻፈው፣ የመሬት ርቀትና የአየር ርቀት። ለማሳያ አንድ ሒሳብ ልስራልህ። መንገዱ መሬት ላይ 6,200 ኖቲካል ነው እንበል፣ 11,500 ኪሎሜትር ገደማ። ፕሌኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 490 ኖቲካል ይሄዳል፣ ያ ያንተው 900 ኪሎሜትር ነው። ወደ ምስራቅ ሲሄድ በአማካይ 40 ከኋላ ቢገፋው መሬት ላይ 530 ይሆናል፣ 11 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። በዛው መንገድ ሲመለስ 40 ከፊት ቢመታው 450 ይሆናል፣ 13 ሰዓት ከ47 ደቂቃ። መሬቱ አንዲት ሜትር አልረዘመም። ፕሌኑ በአየር ውስጥ የሄደው ግን ሲሄድ 5,730 ሲመለስ 6,750 ኖቲካል ነው፣ ሺ ኖቲካል ማይል ልዩነት! ነዳጅ የሚጫነው በዚህኛው ርቀት ነው፣ ሰዓቱም የሚመጣው ከዚህኛው ነው። እና «ርቀቱ ስንት ነው» ብለህ ስትጠይቀኝ እኔ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ጥያቄ «በየትኛው ቀን?» የሚል ነው።

ብዙ ሰው ደሞ «ሲሄድ ያተረፈውን ሲመለስ ይከፍላል፣ ይጣጣላል» ይላል። አይጣጣልም። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ደምራቸው፣ 25 ሰዓት ከ29 ይመጣል፤ ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 25 ሰዓት ከ18 ነበር። 11 ደቂቃ ጠፋች፣ ምክንያቱም ነፋሱ የሚቃወምህ ጊዜ ከሚያግዝህ ጊዜ ይረዝማል። ነፋሱ ሲበረታ ኪሳራውም ይብሳል።

ለዛ ነው አጭሩን መንገድ ሁልጊዜ የማንመርጠው። ወደ ምስራቅ ሲሆን ነፋሱ ያለበት ድረስ ሄደን እንሳፈርበታለን፣ መቶ ምናምን ኪሎሜትር ብንጨምርም እናተርፋለን፣ ወደ ምዕራብ ሲሆን እንሸሸዋለን። ከቶኪዮ ወደ ለንደን የሚመለሰው ፕሌን በአንዳንድ ወቅት በሰሜኑ በአላስካ በኩል የሚላከው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ በመሬት ይረዝማል፣ ግን መጀመሪያ ፓሲፊክ ላይ ነፋሱን ከኋላው ያገኘዋል፣ በደቡቡ ቢሄድ ከፊት የሚመታውንም ይሸሻል። በዛ ላይ ከላዩ የምታልፍበት አገር ሁሉ ያስከፍላል፣ ዋጋው ከአገር አገር ስለሚለያይ አንዳንዴ ትንሽ ዞሮ መሄድ ይረክሳል፣ እሱንም ኮምፒውተሩ አብሮ ያሰላዋል።

ነፋስ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ሌላ መስመር ልጥቀስልህ፣ በፌብሩዋሪ 2020 ሲያራ የተባለው ማዕበል በነበረ ጊዜ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ፣ መሬት ላይ ሲለካ በሰዓት ከ1,300 ኪሎሜትር በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ያኔ «የድምጽን ፍጥነት በለጠ» የሚል ወሬ ተነዛ፣ አልበለጠም። የድምጽ ፍጥነት የሚለካው ከአየሩ አንጻር ነው፣ በአየሩ ውስጥ ፕሌኑ እንደወትሮው ነበር የሚሄደው፣ አየሩ ነው ተሸክሞ የሮጠው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ደሞ የበረራ ሰዓት ብቻ አይደለም። የሚቆጠረው ፕሌኑ ከጌት ተገፍቶ ከሚወጣበት ጀምሮ መዳረሻው ላይ ቆሞ ጎማው ስር ታኮ እስኪገባ ነው። ሂትሮው ላይ ወደ መነሻው ራንዌይ ሲንፏቀቅ፣ ወረፋ ሲጠብቅ፣ በቀላሉ 20 ደቂቃ ይሄዳል። ከዛ ከፍታውን እስኪይዝ ሌላ 20፣ 25 ደቂቃ ከ900 በታች ነው የሚሄደው፣ ሲወርድም እንደዛው። ከቶኪዮ ወደ ለንደን ስትመጣ ደሞ ሂትሮው ተጨናንቆ ከሆነ ከከተማው ዙሪያ ካሉት አራት መጠበቂያ ቦታዎች አንዱ ላይ፣ ቦቪንግደን ወይ ላምቦርን እንበል፣ ዙር እየዞርክ ትጠብቃለህ። አየር መንገዱ ይሄን ሁሉ ከወቅቱ ነፋስ ጋር ደምሮ፣ ትንሽ መጠባበቂያም ጨምሮ ነው ትኬት ላይ የሚጽፈው፣ ለዛ ነው አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ የምትደርሰው፣ የበጋና የክረምት ፕሮግራሙም የሚለያየው።

የሰዓት ልዩነቱን አልጠየቅክም ግን ትኬት ላይ መነሻና መድረሻን ቀንሶ የሚደናገር ብዙ ነው። ቶኪዮ ከዩቲሲ፣ ዓለም ሁሉ ሰዓቱን ከሚያመሳክርበት የጋራ ሰዓት፣ በ9 ሰዓት ትቀድማለች፣ ዓመቱን ሙሉ አትቀይርም። ለንደን ግን በነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወቅት፣ ዩቲሲ ራሱ ናት፣ በነሱ በጋ፣ በሙቀቱ ወቅት፣ አንድ ትጨምራለች፣ ስለዚህ ልዩነቱ አንዴ 9 አንዴ 8 ነው። በክረምት ከለንደን 13:00 ተነስቶ በማግስቱ 12:00 ቶኪዮ የሚገባ ፕሌን በሰዓቱ 23 ሰዓት ይመስላል፣ 9ኙን ቀንስ፣ 14። ሲመለስ ከቶኪዮ 11:00 ተነስቶ በዛው ቀን 16:30 ለንደን ቢገባ 5 ሰዓት ተኩል ይመስላል፣ 9 ጨምር፣ 14 ሰዓት ተኩል። በሰሜኑ ሲመጣ ፓሲፊክ ላይ የቀን መስመሩን ስለሚያልፍ ፊትህ ያለው ስክሪን ላይ ትላንት ይሆንብሃል፣ እሱን ተወው፣ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ዩቲሲ ቀይረህ መቀነስ በቂ ነው።

ትራንዚቱ ጋ ስንመጣ፣ በዱባይ በኩል ብትሄድ ለንደን ዱባይ 5,500፣ ዱባይ ቶኪዮ ደሞ ወደ 8,000 ኪሎሜትር ነው፣ አየር ላይ ብቻ 16 ሰዓት ተኩል፣ 17 ሰዓት ትቆያለህ፣ ከዛ ላይ የምትጠብቀውን ጨምር። ቀጥታው 12 ሰዓት በነበረበት ጊዜ ልዩነቱ ያስጠላ ነበር፣ አሁን ግን የአየር ላይ ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ዋናው ነገር መሃል ላይ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ የሚለው ነው። ሁለት ሰዓት ከሆነ እኔ በዋጋው እወስን ነበር፣ ሰባት ሰዓት ከሆነ ቀጥታውን። ከመግዛትህ በፊት ደሞ የበረራ ቁጥሩን የፕሌን መከታተያ አፕ ላይ ጻፍና ያለፉትን የሁለት ሳምንት በረራዎች እይ፣ ትክክለኛውን የአየር ላይ ሰዓትና የሄደበትን መስመር ከነካርታው ያሳይሃል፣ በሰሜን ይሁን በደቡብም እዛው ይታወቃል።